«የሩቅ ብልሽት» ወይስ «የማዶ አቤቱታ»? ስለ ዲጂታል ግንድ መስመር ማንቂያዎች ስያሜ

የቴሌኮሙኒኬሽን መመሪያዎችን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ በመጀመሪያ የሚገጥመው ችግር የቃላት ማነስ ሳይሆን የቃላት መደራረብ ነው። «ምልክት» በመስመሩ ውስጥ ለሚተላለፈውም፣ ብልሽት መኖሩን ለሚያስታውቀው መብራትም ሊውል ስለሚችል፣ «የምልክት መጥፋት ምልክት» የሚል ሐረግ ይወለዳል። እኛ ለመጀመሪያው «ሲግናል» የተባለውን የውሰት ቃል እንዳለ መቀበልን፣ ለሁለተኛው ደግሞ «ማንቂያ»ን እንመርጣለን። «ማስጠንቀቂያ» ገና ላልደረሰ አደጋ የሚነገር ነው፤ እዚህ ግን ብልሽቱ ደርሷል። ሁለት የስልክ ጣቢያዎችን የሚያገናኘው «ግንድ መስመር» ቢባል፣ «ቅርንጫፍ» አስቀድሞ በቋንቋው ስላለ አንባቢን አያስቸግርም።

ከዚህ የከበደው የማንቂያዎቹ ዓይነት ስያሜ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በነቀምቴ፣ በመንዲና በባምባሲ በኩል አሶሳ የሚደርስ አንድ ባለ 30 ቻናል ግንድ መስመር ለምሳሌ ያህል እናስብ። መስመሩ በሴኮንድ 8,000 ፍሬም ያስተላልፋል፤ እያንዳንዱ ፍሬም 32 ክፍል፣ እያንዳንዱ ክፍል 8 ቢት አለው፤ ድምሩ በሴኮንድ 2,048 ኪሎ ቢት ይሆናል። ከ32ቱ አንዱ ክፍል የፍሬሙን መነሻ ለማሳወቅና ማንቂያ ለማድረስ የተመደበ ነው።

አሶሳ ያለው መሣሪያ ምንም ነገር ካልደረሰው «የሲግናል መጥፋት»፣ ሲግናል ደርሶት የፍሬሙን መነሻ መለየት ካቃተው «የፍሬም መዛነፍ» ይላል። እነዚህ አያከራክሩም። ከመንዲ ወደ ነቀምቴ አቅጣጫ ብልሽት ቢደርስ ግን፣ የመንዲው መሣሪያ ቢቱ ሁሉ «አንድ» የሆነ ሲግናል ወደ አሶሳ ይልካል። ትርጉሙ «ጉድለቱ ከእኔ በላይ ነው፤ በዚህ አካባቢ አትድከሙ» ማለት ነው። ይህንን ቃል በቃል «የማንቂያ አመልካች ሲግናል» ብሎ መተርጎም ሦስት ቃል አባክኖ አንድም ነገር አለመናገር ነው። «የራስጌ ብልሽት ማሳወቂያ» ብንለው ቢያንስ ወዴት መመልከት እንደሚገባ ይነግራል።

ዋናው አሳሳቢ ጉዳይ የተቀረው ማንቂያ ነው። በሰሜን አሜሪካ ባለ 24 ቻናል ሥርዓት መመሪያዎች «ቢጫ» ይባላል። የትራፊክ መብራት የለመደ አንባቢ ቢጫን «መለስተኛ አደጋ»፣ ቀይን «ከባድ አደጋ» አድርጎ ይረዳል፤ ቀለሞቹ ግን የሚለዩት የክብደት ደረጃን ሳይሆን ብልሽቱን ማን እንዳየው ነው። «የሩቅ ብልሽት» ቢባል ደግሞ ስሕተቱ ይብሳል። ይህ ማንቂያ አሶሳ ላይ ሲበራ መልእክቱ «እኛ ማዶ ያለነው ከእናንተ የሚላከው በደኅና አይደርሰንም» ነው፤ እንግዲህ ብልሽቱ በራሱ በአሶሳው አስተላላፊ ላይ ሊሆን ይችላል። «ሩቅ» የሚለውን ቃል ያመነ ቴክኒሻን መሣሪያ ጭኖ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ፣ የተበላሸው ካርድ ከኋላው ይቀራል።

ስለዚህ «የማዶ አቤቱታ» የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል። ቃሉ የጽሕፈት ቤት ሽታ አለው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ይሁን እንጂ አቤት ባዩ ጉዳት የደረሰበት እንጂ የግድ ጥፋተኛው አለመሆኑን ከዚህ በተሻለ የሚገልጽ ቃል አላገኘንም። ቀበሌ የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን፣ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦ ወይም ኮሞ አፉን የፈታበት ሠራተኛ ከግእዝ ሥር የተቀዳ አዲስ ስያሜ ቢቀርብለት ከእንግሊዝኛው የተሻለ አይገባውም። (በነገራችን ላይ «ስልክ» ራሱ በዐረብኛ «ሽቦ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ሥራው ለተጀመረው የ477 ኪሎ ሜትር የአዲስ አበባና የሐረር መስመር የሚስማማው ይህ ቃል ዛሬ ሽቦ ለሌለውም ያገለግላል።)

አቤቱታው ከየት እንደ መነጨ ለማረጋገጥ የሚላከውን ሲግናል ወደ ላኪው የመመለስ ፍተሻ ይደረጋል፤ «መልሶ ማዞር» ይበቃዋል። መጀመሪያ አሶሳ ላይ፣ ቀጥሎ ባምባሲ፣ ከዚያም መንዲ ላይ እየተመለሰ ሲታይ፣ ሲግናሉ ጤነኛ ሆኖ በተመለሰበት የመጨረሻ ጣቢያና በሚቀጥለው መካከል ብልሽቱ ይገኛል።

የሁለቱ ጫፎች የጊዜ ምት ሳይጣጣም ሲቀር አንዳንድ ፍሬም ይጠፋል ወይም ይደገማል፤ ለዚህ «መንሸራተት» እንቀበላለን። ምቱን የሚሰጠውን መሣሪያ ግን «ሰዓት» ማለት አንባቢውን ግድግዳ ላይ ስለሚያስመለክተው፣ «ምት ሰጪ» የሚለውን ለውይይት አቅርበናል።