ሌባ የሚጠብቀው ካሜራ በር ሲከፍት

ካሜራ ቤቱ የሚያስተክል ሸማች በዋጋ አጥብቆ ይከራከራል። ባለሙያው ምስሉ በሞባይል እንዲታይ ብሎ ራውተሩ ላይ ‹‹ፖርት›› ከፍቶ ሲሄድ ግን ልብ አይልም። የራውተሩ ፋየርዎል ሳይጠራ ከውጭ የሚመጣውን ይመልሳል። ፖርት ፎርዋርዲንግ ደግሞ ለዚህ ዘበኛ ‹‹በዚህ ቁጥር የመጣውን ሁሉ ወደ ካሜራው አሳልፍ›› የሚል ትእዛዝ ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ሚራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም የፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ፣ ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስባቸው ካሜራዎችንና ሌሎች መሣሪያዎችን አሰልፎ ዳይን የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ አጥለቀለቀ። ትዊተርና ኔትፍሊክስም ተስተጓጎሉ። ካሜራው ምስል እያሳየ ባለቤቱ ምን ይጠርጥር?

ስለዚህ ሸማቹ ሂሳብ ከመክፈሉ በፊት የይለፍ ቃሉን ዓይኑ እያየ ያስቀይር፤ የተከፈተውን ፖርት ያዘጋ። ከውጭ ማየት ካሻው በቪፒኤን ይሁን። ባለሙያው ለዚህ ተጨማሪ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ ዋጋው ግን አስቀድሞ ውሉ ላይ ይግባ።