በሯጭ ጉልበት ውስጥ ያለው ገመድ

ሱሉልታ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ከእንጦጦ ማዶ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ገና ሳይነጋ ሜዳዋ ላይ ሯጮች ይታያሉ፤ የቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክም እዚሁ ነው። ስለ ስሱ አየር፣ ስለ ሳንባና ስለ ቀይ የደም ሕዋስ ብዙ ተወርቷል። ያን ሁሉ ኪሎ ሜትር የሚሸከመው የጉልበት ልም አጥንት ግን እምብዛም አይነሳም።

ልም አጥንትን ለማየት ሐኪም ቤት መሄድ አያስፈልግም፤ ሥጋ ቤት በቂ ነው። አዲስ የታረደ በሬ ጉልበት ሲከፈት የአጥንቱ ጫፍ ነጭ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ የሚያብለጨልጭ ሽፋን ለብሶ ይታያል። ጣት ያንሸራትታል፤ አጥንቱ መጥረቢያ ሲጠይቅ እሱ በቢላ ይቆረጣል። በሰው ጉልበት ላይ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ከክብደቱም ከ65 እስከ 80 በመቶው ውኃ ነው። በሩጫ ጊዜ ደግሞ እያንዳንዱ እርምጃ ከሰውነት ክብደት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጫና ያሳርፍበታል። ውኃ ይህን እንዴት ይችላል?

እዚያው ሱሉልታ መኪና ላይ የሚጫነውን የድርቆሽ እስር ማየት ነው። ድርቆሹ መንፋት ይፈልጋል፤ ገመዱ አይለቀውም፤ በዚህ ትግል እስሩ ሰው ቢቆምበት እንኳ የማይሰምጥ ጠንካራ ነገር ይሆናል። በልም አጥንት ውስጥ መንፋት የሚፈልገው ፕሮቲዮግላይካን የሚባለው፣ ስኳርና ፕሮቲን የተዋሃዱበት ንጥረ ነገር ነው፤ በኤሌክትሪክ ሙሌቱ የተነሳ ውኃ ይስባል። ገመዱ ኮላጅን ነው።

ገመድ መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ሦስት የፕሮቲን ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተገምደው አንዱን የኮላጅን ሞለኪውል ይሠራሉ። እያንዳንዱ ሰንሰለት 1,000 ያህል አሚኖ አሲድ ሲኖረው፣ በየሦስተኛው ቦታ ግላይሲን ተቀምጧል፤ በግምዱ መሐል ባለው ጠባብ ቦታ የሚገባው ከሁሉም ትንሹ እሱ ብቻ ነውና። ግምዱ እንዲጸና ቫይታሚን ሲ ያስፈልጋል። ቆዳ፣ ጅማትና አጥንት በአብዛኛው ዓይነት 1 ኮላጅን ሲይዙ ልም አጥንት የሚጠቀመው ቀጭኑን ዓይነት 2 ነው።

የኮላጅን ቃጫዎች አቀማመጥ ይበልጥ ይደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1898 ስዊድናዊው የአናቶሚ ሊቅ ሁልትክራንትዝ ልም አጥንትን በክብ መርፌ ሲወጋው ክብ ቀዳዳ ሳይሆን የተሰነጠቀ መስመር አገኘ፤ ላይኛው ንብርብር ላይ ቃጫዎቹ ከገጹ ጋር ተኝተው አቅጣጫ ይዘዋልና። በ1925 ጀርመናዊው ቤኒንግሆፍ ጨምሮ እንዳሳየው፣ ቃጫዎቹ ከአጥንቱ ቀጥ ብለው ይነሳሉ፣ መሐል ላይ ይጎብጣሉ፣ ገጹ ጋ ሲደርሱ ይተኛሉ። የላይኛው መፈተጉን ይችላል፤ የታችኛው ሽፋኑን ከአጥንቱ ጋር ያስራል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የኑክሌር ሙከራ አየር ውስጥ የበዛውን ካርበን 14 ተጠቅመው የጉልበት ልም አጥንትን ዕድሜ ለኩ። በእድገት ዘመን የተሠራው ኮላጅን በጎልማሳነት እንደማይተካ አገኙ ማለት ይቻላል። ቀነኒሳ እ.ኤ.አ. በ2024 ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ ማራቶንን በ2:04:15 ሲጨርስ፣ በዚህ ስሌት የተሸከመው በአብዛኛው በቆጂ ላይ ልጅ ሳለ የተገመደ ኮላጅን ነው። የቅልጥም መረቅ ይጣፍጣል፣ ግን ጨጓራና አንጀት ኮላጅኑን ፈጭተው ይበታትኑታል እንጂ ቀጥታ ጉልበት ላይ አይለጥፉትም።

ታዲያ ሩጫ ገመዱን ይበላዋል? እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የጥናቶች ማጠቃለያ የጉልበትና የዳሌ መገጣጠሚያ ብግነትን ሲያነጻጽር፣ ለጤና ከሚሮጡት 3.5 በመቶ፣ ከማይሮጡት 10.2 በመቶ፣ በውድድር ደረጃ ከሚሮጡት 13.3 በመቶ አግኝቷል። ጠዋት ለጤናው የሚሮጥ የቡራዩ ወይም የሰበታ ሰው መፍራት የለበትም። ሥጋቱ የባለሙያው ነው።

ልም አጥንት ደም ሥርም ነርቭም ስለሌለው መጎዳቱ ቶሎ አይታወቅም፤ ሲታወቅም አይጠግግም። ሐኪሞች ከሥሩ ያለውን አጥንት በጥቃቅን ቀዳዳ ወግተው ደም እንዲፈስበት የሚያደርጉበት ዘዴ አለ። ጉድጓዱ ይሞላል። የሚበቅለው ግን በአብዛኛው ዓይነት 1 ኮላጅን የበዛበት ጠባሳ መሰል ነገር ነው፤ ቤኒንግሆፍ ያያቸው ቅስቶች በውስጡ የሉም።