የፎገራ ውሃና የክርስቲያን ዕዳ

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ጎዳና ላይ፥ የደብረ ታቦር መንገድ በሚገነጠልበት ስፍራ ያለች ከተማ ናት። በዙሪያዋ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በላሙ፥ ከ1970ዎቹ ወዲህም በሩዙ የታወቀ ነው። ሜዳውን የሚያጠጡት ርብና ጉማራ ኹለቱም የሚነሡት ከጉና ተራራ ሲሆን፥ ቁልቁለቱ በተመነጠረ መጠን አፈሩ በክረምት እየታጠበ ይወርዳል። ይህ ደለል ለፎገራ ገበሬ ሲሳይም መከራም ነው፤ ማሳውን ያዳብርለታል፥ ወንዙ ሲሞላ ግን ቤቱን ያጥለቀልቅበታል። የተረፈው ጣና ይገባል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ የሚፋፋው ከየማሳው ታጥቦ በሚገባው ምግብ ነው።

እንግዲህ ባልንጀራ የሚባለው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። በጉና ጥድ የሚቈርጠውና በፎገራ ሩዝ የሚዘራው ባይተዋወቁም፥ ውሃው ያገናኛቸዋልና አንዱ ለሌላው ዕዳ አለበት እንላለን። ነገር ግን ቈራጩ ለክፋት አልቈረጠም፤ ማገዶ ቸግሮት ነው። የወረታም ምድጃ እንጨት ይበላል። ስለዚህ ዕዳውን በርሱ ብቻ መጫን ፍርድ ማጓደል ይመስለናል።

ለአዳም በገነት የተሰጠው ሥራ ማበጀትና መጠበቅ ነበር። የመጀመሪያውን የዘነጋ የለም፤ ኹለተኛው ግን በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ተወስኖ የቀረ ይመስላል። በዚያ ውስጥስ በርግጥ ተጠብቋል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው 168 ዐይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል። ሆኖም ከብት በሚገባበት አጸድ ችግኙ ስለሚበላና ስለሚረገጥ፥ አሮጌው ዛፍ ወራሽ ያጣል። የብዙዎቹ ታላላቅ ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ዘመን አይቈይምና፥ ዛፉ ከጠፋ ዘሩም አብሮ ይጠፋል። በዣራ ምእመናን ከማሳቸው ድንጋይ ለቅመው ደኑን በካብ አጠሩት፤ ደኑ ከከብት ዳነ፥ ማሳውም ለሞፈር ቀለለ።

በፎገራ ሜዳ ግን ነገሩ በካብ የሚያልቅ አይደለም። ወላላና ሸሸር የተባሉት ረግረጎች፥ የወፎቹ ማረፊያ፥ በእርሻና በውሃ መሳቢያ ሞተር እየጠበቡ ሄደዋል፤ በቅጽር ውስጥ አይደሉምና የሚገዝትላቸውም የለም። የነፍስ አባት ስለ ጾም እንደሚጠይቅ ኹሉ፥ እስከ ወንዙ አፋፍ ስለ ታረሰው መሬትና በበጋ ስለ ተሳበው የመጨረሻ ውሃ ቢጠይቅ፥ ከሥርዐት የወጣ አይሆንም።