ከፕሪንተር ሰሌዳ ሥር የሚነጠፍ ቡሽ

ስሪዲ ፕሪንተር የፕላስቲክ ክር እያቀለጠ፣ በንብርብር ላይ ንብርብር እየደረበ ዕቃ የሚሠራ ማሽን ነው። የመጀመሪያው ንብርብር የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ሰሌዳ በብዙዎቹ ማሽኖች በኤሌክትሪክ ይሞቃል። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር፣ ከላይ የሚደረበው የታችኛውን ጠርዝ ስቦ ከሰሌዳው ያላቅቀዋል፤ የሰዓታት ሥራም ተቆልምሞ ይቀራል። የሰሌዳው ሙቀት ይህን ይከላከላል። ፒኤልኤ ለተባለው ፕላስቲክ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይበቃል፤ ኤቢኤስ ግን 100 እና ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

ችግሩ ሙቀቱ በሁለት ፊት መውጣቱ ነው። ከላይ የሚወጣው ሥራ ላይ ይውላል፤ ከሥር የሚወጣው ግን ለማንም አይጠቅምም። ቡሽ የሚነጠፈው እዚህ ላይ ነው።

ቡሽ በምዕራብ ሜዲትራኒያን ዙሪያ የሚበቅል የአንድ ዛፍ ቅርፊት ነው። ከዓለም ምርት ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከፖርቱጋል ነው። ዛፉ አይቆረጥም። ዕድሜው 25 ዓመት ገደማ ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ይላጣል፤ ከዚያ በኋላ ቅርፊቱ እንደገና እንዲወፍር ቢያንስ 9 ዓመት ይጠበቃል። ላጮቹ የዓመተ ምሕረቱን የመጨረሻ አኃዝ ግንዱ ላይ በቀለም ይጽፋሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የተላጠ ዛፍ «4» ተጽፎበት ይታያል። ቅርፊቱ ዛፉን ከሰደድ እሳት የሚጠብቅ መሆኑ ለእኛ ጉዳይ ጥሩ ምስክር ነው።

ምሥጢሩ በማይክሮስኮፕ ይታያል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው መጽሐፉ የቡሽን ስስ ቁራጭ እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ክፍሎች የተሞላ አድርጎ ሥሎታል። እያንዳንዱ ክፍል ዝግ ነው፤ በውስጡም አየር ታስሯል። የማይንቀሳቀስ አየር ደግሞ ሙቀት የሚያሳልፈው በጣም ጥቂት ነው። ሰሌዳው ብዙ ጊዜ የሚሠራበት አሉሚኒየም ከቡሽ በሺዎች እጥፍ የበለጠ ሙቀት ያስተላልፋል።

ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ በሰሌዳው ልክ ይቆረጣል። ለቡሎኖቹና ለሞላዎቹ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ይተውለታል፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚገባበትም ቦታ እንዲሁ። ቡሹ ሞላውን ከነካ ሰሌዳውን ማስተካከል አስቸጋሪ ይሆናል። ተራ ሙጫ በ100 ዲግሪ ይለሰልሳል፤ ቡሹም ተንጠልጥሎ ከማሽኑ አካል ጋር ይፋተጋል። ስለዚህ ማጣበቂያው ሙቀት የሚችል መሆን አለበት፤ እኔ ብመክር በማጣበቂያው አልቆጥብም። በብዙ ማሽኖች ሰሌዳው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚመላለስ ክብደትም ይታሰባል። በዚህ በኩል ቡሽ ጭንቀት የለውም፤ 235 ሚሊ ሜትር በ235 የሆነ፣ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ ከ100 ግራም አይበልጥም።

ጥቅሙ ልክ አለው። በስሌት ሲታይ 5 ሚሊ ሜትር ቡሽ ከሥር የሚባክነውን ሙቀት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ የላይኛውን ፊት ግን አይነካም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በ60 ዲግሪ ለሚያትም ሳይሆን፣ ማሞቂያው ደከም ብሎ 100 ለመድረስ ለሚታገልበት ሰው ነው። ቡሹ ከገባ በኋላ ሰሌዳው ሙቀቱን የሚይዝበት ሁኔታ ስለሚለወጥ፣ የማሽኑ የሙቀት መቆጣጠሪያ እንደገና ይስተካከላል።