ደዶ፦ ምሳር የማይገባበት መሰብሰቢያ

በሸካ ዞን «ደዶ» የሚባሉ ቦታዎች አሉ። የጎሳ መሪና ተከታዮቹ በትልልቅ ዛፎች ሥር ተሰብስበው የሚጸልዩባቸው ናቸው፤ በነባሩ ልማድ እዚያ ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበው የሸካ ደን እስከ ዛሬ ከቆየባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ልማድ ነው፤ ዛሬ እየላላ ቢመጣም።

ከተማ ውስጥስ? ቴፒ ወይም ሚዛን ተፈሪ ላይ ስለ አየር ንብረት የሚመክር የሰፈር መሰብሰቢያ ቢታሰብ፣ ቆርቆሮ ከመምታት ዛፍ መትከል ይሻላል። ቆርቆሮ ጥላ ቢሆንም ራሱ ግሎ ሙቀቱን ወደ ታች ይለቃል። ዛፍ ግን ከቅጠሉ በሚወጣው ተን አየሩን ያቀዘቅዛል። ዋንዛ፣ ብርብራና ሳሳ የአካባቢው ገበሬ ለቡናው ጥላ የሚመርጣቸው ናቸው፤ ለሰውም ይሆናሉ።

ለጨዋታ ማሟሟቂያ ጨሞ አለ፦ የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር ተፈልቶ የሚጠጣ። ከዚያ ወደ ጉዳዩ መግባት ነው፦ የትኛው ቦይ ይጠረግ? ችግኙን በበጋ ማን ያጠጣ? ሐምሌ ላይ ፎቶ የተነሡለት ችግኝ ጥር ላይ ጠያቂ ሲያጣ ነው የሚደርቀው።