ዜሮው የቱ ነው?

«ጋሼ፣ 310ሩ የለም» አለኝ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ። ጠረጴዛው ላይ የአንድ ኤልኢዲ ቴሌቪዥን ፓወር ቦርድ ተዘርግቷል። ቀይ መብራቱ እንኳ አይበራም። ልጁ ፊውዙን ለክቶ ደህና ሆኖ አገኘው። ትልቁን ካፓሲተር ሲለካ ግን ሜትሩ የማይረባ ቁጥር ስላሳየው አራቱን ዳዮዶች ነቅሎ በአዲስ ተካቸው። ለውጥ የለም። የቦርዱ ስኬማቲክ ስልኩ ውስጥ ነበር፤ አልከፈተውም።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ላልተከፈተ ሥዕል ስል ነው። በጥገና ቤቶቻችን ጥሩ መልቲሜትር በውድ ይገዛል፣ መበየጃ ይመረጣል፤ ስኬማቲክ ግን የመሐንዲሶች ነገር ተብሎ ይታለፋል። ምልክቶቹን መልመድ ከባድ አይደለም፤ አር ሬዚስተር፣ ሲ ካፓሲተር፣ ዲ ዳዮድ፣ ኪው ትራንዚስተር ነው፤ ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ቦርዱ ላይ ከታተመው ጋር ይገጥማል። 4ኬ7 የተባለው 4.7 ኪሎ ኦም ነው። ፊደሏ በነጥቡ ቦታ የገባችው ነጥብ በኮፒ ላይ ኮፒ ሲነሣ ስለሚጠፋ ነው። ስኬማቲክ ስትፈልጉ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለውን የሞዴል ስም ብቻ አትመኑ። በአንድ ሞዴል ውስጥ የተለያየ ቦርድ ሊገጠም ስለሚችል ቦርዱ ላይ የታተመውን ቁጥር ተከተሉ።

ጀማሪ ስኬማቲክን የሚሸሸው እንደ ሰፈር ካርታ ሊያነበው ስለሚሞክር ይመስለኛል። ወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን የተሣሉ ሁለት ዕቃዎች ቦርዱ ላይ ዳርና ዳር ሊሆኑ ይችላሉ። የዘር ሐረግ ሲቆጠር ማን ከማን እንደተወለደ ይነገራል፤ ማን የት ሰፈር እንደሚኖር የሚጠይቅ የለም። ስኬማቲክም ኮረንቲው ከማን ተነሥቶ፣ በማን በኩል አልፎ፣ ማን ዘንድ እንደሚደርስ ይቆጥርላችኋል።

ከምልክቶቹ ሁሉ የምወደው ግራውንድን ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚናቀውም እሱ ነው። «መሬት» ብለን ስለምንጠራው ብዙ ሰው የቤቱ ኧርዝ፣ አፈር ውስጥ የተቀበረው ዘንግ ይመስለዋል። ስኬማቲክ ላይ ግን ግራውንድ «መለካት የሚጀመረው ከዚህ ነው» የተባለበት ነጥብ ነው። ቮልቴጅ ምንጊዜም በሁለት ነጥቦች መካከል ያለ ልዩነት ነው። የእንጦጦ ከፍታ ከባሕር ወለል ሲለካ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከፒያሳ ሲለካ ግን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ከየት እንደተለካ ከተነገረ። መሐንዲሱ ከ«12 ቮልት» ጋር ያችን ትንሽ ምልክት የሚሥለው «ከየት?» ለሚለው መልስ እንድትሆን ነው።

በቴሌቪዥን ፓወር ቦርድ ላይ ደግሞ ሁለት ዜሮ አለ። አንደኛው በዳዮዶቹ በኩል ከግድግዳው መብራት ጋር በቀጥታ የተያያዘው ሲሆን ሆት ይባላል። ሁለተኛው ከትራንስፎርመሩ ወዲያ ያለው፣ የቴሌቪዥኑን ብረት የሚነካው ኮልድ ነው። በሁለቱ መካከል የሚሻገሩት ትራንስፎርመሩ፣ መልእክት በብርሃን የሚያሳልፈው ኦፕቶካፕለርና ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ የሆነች አንዲት ካፓሲተር ናቸው። ጥሩ ስኬማቲክ ሁለቱን ግራውንዶች በተለያየ ምልክት ይሥላቸዋል። የምልክቱ ቅርጽ እንደ ፋብሪካው ይለያያልና ሆቱን ከትልቁ ካፓሲተር ኔጋቲቭ እግር ተነሥታችሁ ለዩት።

ልጁ የሜትሩን ጥቁር ገመድ የተከለው ብረቱ ላይ ነበር። 220 ቮልት በዳዮዶቹ አልፎ ካፓሲተሩን ሲሞላ በ1.41 ተባዝቶ ወደ 310 ይደርሳል፤ ይህ 310 ግን የሚገኘው ከሆት ግራውንድ ሲለካ ነው። ገመዱን ወደ ካፓሲተሩ ኔጋቲቭ እግር ባዛውረው 310ሩ ቁጭ ብሏል። ዳዮዶቹ ያለ ጥፋታቸው ተነቅለዋል። በኦሲሎስኮፕ የሚሠራ ሰውማ የበለጠ ይጠንቀቅ፤ የመሣሪያው መቆንጠጫ ከቤቱ ኧርዝ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሆት ግራውንድ ላይ ካረፈ ሾርት ይፈጥራል።

ከዚያ በኋላ የቀረን መስመሩን መከተል ነበር። ከ310 አንድ ቀጭን መስመር ተነሥታ፣ ተከታትለው በተሣሉ ሁለት ባለ 470 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች አልፋ፣ ፓወሩን የሚቆጣጠረው አይሲ ኃይል የሚቀበልበት ቪሲሲ የተባለ እግር ላይ ትደርሳለች። አይሲው መጀመሪያ የሚነቃው በእሷ ነው። ቪሲሲን ከሆት ግራውንድ ለካን፤ ዜሮ። ሶኬቱን ነቅለን፣ ካፓሲተሩን አራግፈን ሬዚስተሮቹን ስንለካ አንደኛው ተበጥሷል። ቦርዱን ገልብጦ ላላየ ሰው ከስንዴ ፍሬ የሚያንሱት እነዚህ ሬዚስተሮች አይታዩም።

አራግፈን ስል በካቻቢቴ አጋጭተን ማለቴ አይደለም። ይህ ልማድ ካፓሲተሩንም ዓይንንም ይጎዳል። በትልቅ ዋት ሬዚስተር አራግፉት፣ ባዶ መሆኑንም በሜትር አረጋግጡ።

«ሁለቱን በአንድ 1 ሜጋ ኦም ልተካና ልገላገል» የሚልም አለ። እባካችሁ አታድርጉት። እንደ እነዚህ 1206 በሚባለው መጠን የሚሠራ ሬዚስተር የተለመደው አቅሙ 200 ቮልት ነው። የእኛ ቦርድ ፒኤፍሲ የተባለ የቮልቴጅ ማሳደጊያ ክፍል ስላለው ቴሌቪዥኑ ሲበራ 310ሩ ወደ 390 ከፍ ይላል፤ ለሁለት ሲካፈሉት ለእያንዳንዳቸው 195 ይደርሳል። መሐንዲሱ የተወላቸው ትርፍ 5 ቮልት ብቻ ነው። አንዱ ብቻውን ከተሸከመው ዛሬ ቢሠራም ደንበኛው ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ ይመለሳል።

አዲስ 470 ኪሎ ኦም በየድን። ልጁ ጥቁሩን ገመድ በራሱ ጊዜ ወደ ኮልድ መልሶ ለካ። 5 ቮልት ወጣ፣ ቀዩ መብራት በራ።

ፓወር ቦርድ የምትከፍቱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዳዮድ ከመንቀላችሁ በፊት ስኬማቲኩን ክፈቱና የምትለኩት መስመር ግራውንዱ የቱ እንደሆነ እዩ።