ከሐይቅ የወጣ አስከሬን ሁሉ የሰጠመ አይደለም

ጣና ላይ አስከሬን ተንሳፍፎ ሲታይ የሞቱ ምክንያት ከአስከሬኑ ቀድሞ ዳር ይደርሳል። ዓሣ አጥማጁ ይጣራል፣ ታንኳ ይቀዘፋል፣ ሰው ይሰበሰባል፤ የሟቹ ማንነት እንኳ ሳይለይ «ውኃ በላው» ይባልና ነገሩ ያልቃል። እንደ ዘጌ ባለ ውኃ በከበበው ባሕረ ገብ ምድር ይህ ፍርድ የሚያስነቅፍ አይደለም። ከሰዓት በኋላ የሚነሣ ነፋስ የደንገል ታንኳን ምን እንደሚያደርግ የሐይቁ ዳር ሰው ከማንም በላይ ያውቃል፤ ማገዶና ቡና ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚሻገረውም አደጋውን እያወቀ ነው የሚሳፈረው። ፍርዱ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ልክ በማይሆንበት ቀን ግን ስሕተቱን የሚናገር ምልክት ከላይ አይታይም።

የምሟገተውም እዚህ ላይ ነው። አስከሬን የተገኘበት ቦታ ስለ አሟሟቱ ግምት ይሰጠናል እንጂ ማስረጃ አይሰጠንም፤ ምርመራ አጥብቆ የሚያስፈልገውም ምክንያቱ ግልጽ መስሎ ለታየን ሞት ነው። ግራ የሚያጋባ ሞት ጠያቂ አያጣም፤ ዘመድ ይጮኻል፣ ፖሊስ ይመጣል። ሳይጠየቅ የሚቀበረው ግልጽ የመሰለው ነው። ውኃ ውስጥ የተገኘ ሰው በእርግጥ ሰጥሞ ሊሆን ይችላል። የሚጥል በሽታ ኖሮበት ታንኳ ላይ ሳለ ተነሥቶበትም ይሆናል። በልጅነቱ የጉሮሮ ሕመም እየደጋገመው የልቡ ቫልቭ የተጎዳ ወጣት በአገራችን ጥቂት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ሰው መቅዘፊያውን እንደያዘ ልቡ ቀጥ ካለ፣ ውኃው ሳይነካው ሞቷል። ሌላ ቦታ ተገድሎ በሌሊት የተጣለም ይኖራል። በማግሥቱ ጠዋት ዳር ላይ ሲዘረጉ አራቱም አንድ ይመስላሉ። ቻይናዊው ዳኛ ሶንግ ጺ እ.ኤ.አ. በ1247 ባዘጋጀው የአስከሬን ምርመራ መጽሐፍ፣ ሰጥሞ የሞተው ሞቶ ከተጣለው እንዴት እንደሚለይ ጽፏል። ጥያቄው ይህን ያህል ዘመን አስቆጥሮም ዛሬ ድረስ ከፎረንሲክ ሕክምና ከባድ ጥያቄዎች አንዱ ነው።

ሐኪሙ ከውጭ ይጀምራል። በአፍና በአፍንጫ ዙሪያ ነጭ፣ ደቃቅ፣ ሲጠርጉት ተመልሶ የሚወጣ አረፋ ካለ ትልቅ ምልክት ነው፤ ሰውየው ውኃ ውስጥ ሊተነፍስ ሲታገል አየሩ፣ ውኃውና የሳንባው ፈሳሽ ተመትተው የፈጠሩት ነው። በመዳፉ ውስጥ ደንገል ወይም አረም ጨምድዶ ከተገኘም ውኃ ሲገባ ሕያው እንደነበረ ያመለክታል። ብዙ ሰው የሚያምንበት የእጅና የእግር ቆዳ መጨማደድ ግን ምንም አይነግረንም፤ ሞቶ የተጣለ ሰው ቆዳም እንዲያው ይጨማደዳል። ቁስልም ያሳስታል። ዓሦች ከንፈርና ጆሮ ይለቅማሉ፣ የሞተር ጀልባ መዘውር ይቆርጣል፣ ጉማሬም አለ። ሐኪሙ የቁስሉን ጠርዝ ገልጦ ያያል፤ ልብ እየመታ የደረሰ ቁስል ደሙ ወደ ሥጋው ሰርጾ ይገኛል፣ ከሞት በኋላ የደረሰው ገርጥቶ ይታያል። ውኃው ደሙን አጥቦ ስለሚወስድ ይህም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል።

ደረት ሲከፈት የሰጠመ ሰው ሳንባ ተነፍቶ፣ ከግራና ከቀኝ ተጠጋግቶ ልብን ከፊት ሸፍኖ ይገኛል። የጎድን አጥንቶቹ መስመር ላዩ ላይ ታትሞ ይታያል፤ በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል፤ ሲቆረጥ አረፋ የበዛበት ፈሳሽ ይወጣዋል። በአየር ቧንቧው ውስጥ አሸዋና ደለል፣ በጨጓራው ውስጥ የሐይቁ ውኃ ሊኖር ይችላል። ይሁንና ሳንባ በልብ ድካምም፣ በአንዳንድ መርዝም ፈሳሽ ይቋጥራል። ስለዚህ ሥራው ገና ነው። የአንገት ጡንቻ ሽፋን በሽፋን ይገለጣል፣ ምክንያቱም የታነቀ ሰው ከላይ ቆዳው ደህና ሆኖ ከሥር ደም ቋጥሮ ሊገኝ ይችላል። የራስ ቅል ይከፈታል፣ የልብ ቫልቮች አንድ በአንድ ይታያሉ፣ ደምና ሽንት ለመርዝ ምርመራ ይቀዳሉ። «ሰጥሞ ሞተ» የሚለው ቃል በሰነድ ላይ የሚሰፍረው ሌላው ሁሉ ተፈትሾ ሲወድቅ ነው።

ከምልክቶቹ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ዲያቶም ነው። ዲያቶም በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ዋቅላሚ ሲሆን ገላው መስታወት በሚመስል የሲሊካ ቅርፊት የተሸፈነ ነው። ጣና ውስጥ ሞልቷል። ቅርፊቱ ስለማይበሰብስ በሐይቁ ደለል ውስጥ ለብዙ ሺህ ዓመት ይቆያል፤ ጣና ከ15 ሺህ ዓመት በላይ በፊት ደርቆ እንደነበረ ተመራማሪዎች ካወቁባቸው ምስክሮች አንዱም ይኸው ቅርፊት ነው። ሰው በሕይወት ሳለ ውኃ ወደ ሳንባው ከገባ ደቃቆቹ ዲያቶሞች የሳንባውን ስስ ግድግዳ አልፈው ደም ውስጥ ይገባሉ፤ ልብ እስከመታ ድረስም ወደ ጉበት፣ ወደ ኩላሊትና ወደ አጥንት መቅኔ ይጓዛሉ። ሞቶ የተጣለውም ሰው ሳንባ ውስጥ ውኃ ሊሰርግ ይችላል፣ ነገር ግን ልቡ ቆሟልና እስከ ጭን አጥንቱ መቅኔ የሚያደርሳቸው የለም። መቅኔው በኃይለኛ አሲድ ይሟሟል፤ ሥጋው ሲጠፋ ቅርፊቱ ይቀራል፤ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ከሐይቁ ከተቀዳ ውኃ ጋር ይነጻጸራል። ይህም የራሱ እንከን አለው። ዲያቶም በምንጠጣው ውኃና በምንበላው ምግብ ይገባል፣ በላቦራቶሪ ዕቃ ላይም አይጠፋም፤ በእርግጥ ሰጥሞ የሞተ ሰው መቅኔ ውስጥ የማይገኝበት ጊዜም አለ። ጠንቃቃ ሐኪም በዲያቶም ብቻ አይፈርድም።

«እንዲህ ከሆነ፣ ሌላ ምልክት እስካልታየ ድረስ ሰጥሟል ብሎ መዝጋት ምን ክፋት አለው?» የሚል ይኖራል። መልሱን እንግሊዝ አገር በሦስት የገላ መታጠቢያ ገንዳ ከፍላበታለች። እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1914 ጆርጅ ጆሴፍ ስሚዝ የሚባል ሰው ስሙን እየቀያየረ ያገባቸው ሦስት ሴቶች በየተራ ገንዳ ውስጥ ሞተው ተገኙ። ከተማው የተለያየ ነበር፣ ሐኪሙም እንዲሁ። እያንዳንዱ ሞት ለብቻው ሲታይ የሚያጠራጥር ስላልመሰለ በድንገተኛ አደጋ ተመዘገበ። የተጠረጠረው ዜናው ጋዜጣ ላይ ወጥቶ የቀድሞዋን ሟች የሚያውቁ ሰዎች ሲያነቡት ብቻ ነው። አስከሬኖቹ ከመቃብር ወጥተው የፎረንሲክ ሐኪሙ በርናርድ ስፒልስበሪ መረመራቸው። የትግል ምልክት እምብዛም አላገኘም፤ የገንዳውን መጠንና የመጀመሪያዋን ሟች ቁመት፣ ሰው በሚጥል በሽታ ሲወድቅ ገላው እንዴት እንደሚሆን አገናዝቦ፣ በሽታው ተነሥቶባት ሰጠመች የተባለው ሊሆን እንደማይችል አሳየ። ስሚዝ በ1915 ተሰቀለ። የመጀመሪያዋ ሞት በደንብ ተፈትሾ ቢሆን ሁለቱ ይተርፉ ነበር ማለት ድፍረት አይሆንም።

አልጋም እንደ ገንዳው ያታልላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲሞቱ ደርግ የሰጠው መግለጫ፣ ጠዋት አልጋቸው ላይ ሞተው እንደተገኙና ምክንያቱም ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር የተያያዘ የደም ዝውውር መቋረጥ እንደሆነ የሚናገር ነበር። ሽማግሌ፣ ሕመምተኛ፣ አልጋ ላይ፤ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሞት የለም። ገለልተኛ ሐኪም ግን አስከሬኑን አልመረመረም። አጽማቸው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ከመሬት በታች ወጣ፣ በጥቅምት 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ፤ በደርግ ባለሥልጣናት ክስ ላይም ታፍነው እንደተገደሉ ቀረበ። ሰው ሲታፈን ዓይን ውስጥ ነጠብጣብ ደም፣ ከንፈር ውስጥ ጭረት ሊተው ይችላል፣ አጥንት ላይ ግን የሚጽፈው የለም። በመጀመሪያው ቀን የአንድ ሰዓት ምርመራ ሊመልሰው የሚችለውን ጥያቄ ከ17 ዓመት በኋላ አጽም ብቻውን ሊመልሰው አልቻለም።

ኮተቤ ላይ የሆነው ከዚህ ይለያል። የደርግን ወንጀል እንዲመረምር በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የጋራ መቃብሮችን ሲያስቆፍር የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ባለሙያዎች አብረውት ሠርተዋል። እዚያ ከወጡት 30 ሰዎች አጽም ጋር፣ በአንገት አጥንቶቹ ዙሪያ፣ አረንጓዴ የናይለን ገመድ ተገኘ። ሥጋ በስብሷል፣ ናይለን አይበሰብስም። ቁፋሮው በብሩሽና በማንኪያ፣ ንብርብር በንብርብር ስለተካሄደ ገመዱ ከየትኛው አንገት ላይ እንደነበረ ሳይናወጥ ተመዘገበ፤ በአካፋ ቢዛቅ ኖሮ የገመድ ክምርና የአጥንት ክምር ብቻ ነበር የሚቀረው።

ምርመራ የሚከስሰውን ያህል ነጻም ያወጣል። በአንድ ክፍል ያደሩ የቤተሰብ አባላት በጠዋት ሞተው ቢገኙ መንደሩ ራት ያቀረበውን ሰው ይጠረጥራል። ጥግ ላይ የከሰል ማንደጃ መኖሩን ማንም ልብ አይልም፣ እሳቱ ጠፍቷልና። በካርቦን ሞኖክሳይድ የሞተ ሰው ደም ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ በፈረንጅ መማሪያ መጽሐፍ ላይ ይህ ከቆዳ ይነበባል ይላል፣ በእኛ ቆዳ ላይ ግን በቀላሉ አይታይም። የጥፍር ሥር፣ የከንፈር ውስጥ፣ ከሁሉም በላይ ሲከፈት ጡንቻውና የውስጥ አካሉ ቀልቶ ይገኛል። ከላይ አይቶ የፈረመ ሐኪም ያልፈዋል ማለት ነው፤ ባለ ራቱም ዕድሜ ልኩን ሲታማ ይኖራል።

ከዚህ ሁሉ ጠንከር ያለው ተቃውሞ «ምርመራውንስ ማን ያምነዋል?» የሚለው ነው። ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ መስቀል አደባባይ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ሲገኙ አገር ተደናገጠ። ጳጉሜን 2 ቀን ፌዴራል ፖሊስ በሰጠው መግለጫ ሕይወታቸው በራሳቸው እጅ እንዳለፈ አስታወቀ፤ ብዙ ሰው አልተቀበለውም። እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀዋል። አስከሬን የሚመልሰው ሰውየው በምን እንደሞተ ነው፤ ጥይት ከሆነ በየት ገባ፣ በየት ወጣ፣ አፈሙዙ ምን ያህል ቅርብ ነበር። ማን ተኮሰ ለሚለው ሐኪሙ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ብቻውን አይመልስም፤ የአሻራ፣ የስልክ፣ የካሜራና የምስክር ነገር ነው። ሁለቱ በአንድ አጭር መግለጫ ተጠቅልለው ሲቀርቡ ሰሚው ፖሊስን ካላመነ ሐኪሙንም አብሮ ይጥላል። እንደኔ መፍትሔው ምርመራውን መናቅ ሳይሆን ግኝቱን ከድምዳሜው ለይቶ፣ ቤተሰብ የራሱን ባለሙያ አምጥቶ ሊመረምረው በሚችል መልኩ መስጠት ነው።

«ሬሳው አይቀደድብንም» የሚለው የቤተሰብ ልመናም በንቀት የሚታለፍ አይደለም። በሐይቁ ዳር እንደ ሌላው አገራችን ሁሉ ሟች ዕለቱን ቢቀበር ይመረጣል፣ የአስከሬን ክብርም ትልቅ ነገር ነው። ግን የሚፈራው ከሚደረገው ይበልጣል። ደረት ላይ ያለው ቅድ ተሰፍቶ በግንዘቱ ሥር ይውላል፤ የራስ ቅሉ ቅድ ከጆሮ ኋላ እስከ ጆሮ ኋላ ስለሚሄድ ፊት አይነካም። ፍትሐቱም ተዝካሩም አይጓደልም። የሚያሰቅቀው መንገዱ ነው። ለብዙ ዘመን ከክልል ከተሞች የሚጠረጠር አስከሬን ወደ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሲጓጓዝ ኖሯል፤ ከባሕር ዳር ቢሆን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መኪናው የሚከራየው፣ ለቅሶው የሚራዘመው በቤተሰብ ኪሳራ ነው። በዚያ ላይ ከውኃ የወጣ አስከሬን አየር ሲያገኝ ፈጥኖ ይበሰብሳል፣ አረፋውም ሳንባውም ሐኪሙ ዘንድ ሳይደርሱ ምስክርነታቸውን ያጣሉ። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ያሉባት፣ የሕክምና ኮሌጅ ያላት ባሕር ዳር ይህን ሥራ እዚያው በቋሚነት እንድትሠራ መጠየቅ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

እስከዚያው ዳር ላይ የሚደረገው ብዙውን ይወስናል። አስከሬኑን ያወጡት ሰዎች በደግነት ፊቱን ያጥባሉ፣ ልብሱን ይገፍፋሉ፣ አፉን ይጠርጋሉ፤ ዋናው ምልክት በዚያች ቅጽበት ይጠፋል። አረፋውን ሳይነኩ በስልክ ፎቶ ማንሣት፣ የተጨበጠ እጁን አለመፈልቀቅ፣ ልብሱን እንዳለ መተው ገንዘብ አይጠይቅም። ፖሊስም በንጹሕ ጠርሙስ አስከሬኑ ከተገኘበት ቦታ ውኃ ይቅዳ፣ ሰውየው ገባበት ከተባለውም ቦታ እንዲሁ። የዘጌ ዳርቻ ውኃና ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ሥፍራ ውኃ የዲያቶማቸው ዓይነትና ብዛት አንድ ላይሆን ይችላል፤ መቅኔው ውስጥ የተገኘው ከየትኛው ጋር እንደሚቀራረብ ማየት ሰውየው የት እንደሰጠመ ሊጠቁም ይችላል። ውኃው ዕለቱን ካልተቀዳ ግን ክረምት ገብቶ ወንዞቹ ደለል ሲያመጡ ሐይቁ ራሱ ሌላ ይሆናል።